ደጅ ጥናትና ትውውቅ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፓርቲዎችም ሆነ ስለ ምርጫ አይደለም። የምጽፈው ስለ ራሴ ስሕተት ነው፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ነገሩ ከፖለቲካችን እምብዛም የራቀ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ዓመት በማዕረግ የተመረቀች አንዲት ተማሪዬ ማስረጃዎቿን በብብቷ ይዛ ቢሮዬ መጣች። አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ጥቂት ካመነታች በኋላ፣ «ዶክተር፣ እዚያ የሚያውቁት ሰው ይኖርዎታል?» ስትል ጠየቀችኝ። ነበረኝ። የክፍሉ ኃላፊ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። እኔ ግን ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ በዘመድና በአማላጅ የሚገኝ ሥራ አገርን እንዴት እንደሚያጠፋ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠኋት፤ «በችሎታሽ ተማመኚ» ብዬም አሰናበትኋት። «እሺ ዶክተር» ብላ አንገቷን ደፍታ ወጣች። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር።

ከሦስት ወራት በኋላ ጓደኛዬን ለቅሶ ቤት አገኘሁት። በጨዋታ መካከል ያንን ቅጥር አነሣሁበት። «ማመልከቻው ተቆልሎ ነበር፤ ወረቀቱ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። የታችኞቹን ሳናያቸው ቀረን» አለኝ፤ ቀጥሎም፣ «አንተ ይህን ሁሉ ልጅ እያስተማርህ ምነው አንዱን እንኳ ብትጠቁመን?» ሲል ወቀሰኝ። ልጅቱ በዚያን ጊዜ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ በእናቷ ሱቅ ትሸጥ ነበር።

ያ ወቀሳ እንቅልፍ ነሣኝ። እምቢታዬ ከየት እንደ መጣ ራሴን ጠየቅሁ። ደጅ ጥናት በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። ሹመት ወይም ጉልት ፈላጊ በመኳንንቱ ደጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቆሞ ዓይን እስኪገባ ይጠብቅ ነበር። የሚመዘነው ሙያው ሳይሆን ትዕግሥቱና ታማኝነቱ ነበር። በደርግ ዘመን ተመራቂውን መንግሥት ራሱ መድቦ ይልከው ስለ ነበር የሥራ ፍለጋው ጭንቀት ለጊዜው ቀለለ። ምደባው ሲቀር ግን ተመራቂው እንደገና ደጅ ለደጅ መዞር ጀመረ። እኔ በ1994 ዓ.ም. ስመረቅ እንደ እኩዮቼ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ የሥራ ማስታወቂያ ገልብጫለሁ። የዚያን ጊዜው ጥያቄ «ምን ትችላለህ?» ሳይሆን «ሰው አለህ?» የሚል ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ «አባል ነህ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተጨመረበት። ትውልዴ «ትውውቅ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚሸተው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ እኔ ራሴ ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ የሄድሁት እንዴት ነበር? አንድ ጉባኤ ላይ፣ በሻይ ዕረፍት፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ መምህር ተዋወቅሁ። ከዚያ በኋላ ተገናኝተን አናውቅም። ከሰባት ወራት በኋላ ግን፣ «ያነሣኸውን ጉዳይ የሚያጠና ፕሮፌሰር ተማሪ ይፈልጋል» የሚል አጭር ኢሜይል ላከልኝ። አመለከትሁ፣ ተወዳደርሁ፣ አለፍሁ። ስለ ችሎታዬ ስናገር ያንን ኢሜይል አንድም ቀን ጠቅሼ አላውቅም።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ በቦስተን አቅራቢያ በምትገኘው በኒውተን ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ያጠናውን አቅርቧል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው ዘወትር ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ ብቻ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሊንክድኢን ከሃያ ሚሊዮን በሚበልጡ ተጠቃሚዎች ላይ ተመሥርቶ ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናትም ይህንኑ በመሠረቱ ደግፎ፣ ይበልጥ የሚጠቅመው በመጠኑ የላላ ትውውቅ እንደ ሆነ አሳይቷል።

እንግዲህ ዘመድ አዝማድና ይህ ዓይነቱ ትውውቅ አንድ አይደሉም። ዘመድ ውድድሩን ይዘጋል፤ የሩቅ ትውውቅ ግን ውድድር መኖሩን ይነግራል። አማላጅ «ለእኔ ሲሉ ይቅጠሯት» ይላል፤ ምስክር «ሥራዋን አይቻለሁ፤ እናንተም እዩት» ይላል። መለያው ቀላል ይመስለኛል፤ የተናገርሁትን ቃል ሌሎቹ አመልካቾች ሁሉ እየሰሙ ልደግመው እችላለሁን? ከቻልሁ ምስክርነት ነው፤ ካፈርሁ ግን አማላጅነት ነው።

ለልጅቱ ስልክ ደወልሁላትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ዶክተር፣ እኔኮ እንዲያስቀጥሩኝ አልነበረም የመጣሁት። እዚያ ያለ ሰው ስለ ሥራው ቢነግረኝ፣ ምን ልዘጋጅ ብዬ ልጠይቀው ነበር» አለችኝ። ውድ አንባቢያን፣ ያፈርሁትን ማፈር እኔ ነኝ የማውቀው። ሳላዳምጥ ፈርጄባት ነበር።

ነገሩ ከፖለቲካ የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። በ1980ዎቹ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ዛሬ ከአርባ በላይ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ፈተናው ዕውቀትን ይመዝናል፤ ትውውቅን ግን አያድልም። የባለ ሥልጣን ልጅ የእኔን ቢሮ አያንኳኳም፤ የሚጠይቀው ሰው እራት ገበታው ላይ አለ። ስለዚህ «በሰው ሥራ አላስፈልግም» የሚለው መርሔ የከለከለው ኃያሉን ሳይሆን የባለ ሱቋን ልጅ ብቻ ነው። ንጽሕናዬን የጠበቅሁት በእርሷ ኪሳራ ነበር።

አሁን በየወሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብለው የተመረቁ ሁለት ሦስት ልጆች ወደ ክፍሌ ይመጣሉ። ስለ ሥራቸው ይናገራሉ፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ለተማሪዎቼ የምነግራቸውም ጥቂት ነው፤ ሥራ አትለምኑ፣ ስለ ሥራው ጠይቁ፤ የሠራችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምክሩን ከተቀበላችሁ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁበት ተመልሳችሁ ንገሩ፤ ከእናንተ በታች ያለውንም አትርሱ። አያቶቻችን ዕቁብ ሲገቡ ዕጣው እስኪደርሳቸው ድረስ ይጥሉ ነበር፤ ደርሷቸውም መጣላቸውን አያቆሙም ነበር።

ያቺ ልጅ በመጀመሪያው ስብሰባ በስልክ ተገኝታለች። ሥራ ገና አላገኘችም። ለሁለት መሥሪያ ቤቶች ግን ስለ መመረቂያ ጽሑፏ የማውቀውን ጽፌ ልኬአለሁ፤ ግልባጩን ለእርሷም ሰጥቻታለሁ። ማንም ቢያነብበው አላፍርበትም።

ቸር ይግጠመን።