የረከሰ አክሲዮንና የእንሰት ጓሮ

ዲላ ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ የውጭ የነዳጅ ኩባንያ አሳየኝ። "ጋሼ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዷል፣ የትርፍ ክፍፍሉ ግን 10 በመቶ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይግዛልኝ?" የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ በጥር 2017 ከተከፈተ ወዲህ ስለ አክሲዮን የሚጠይቀኝ ወጣት በዝቷል፤ ደስም ይለኛል። ይህኛውን ጥያቄ ግን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሚያዝያ 12 ቀን 2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ወረደ። ማስቀመጫ የጠፋበት ሻጭ ገንዘብ ጨምሮ "ውሰዱልኝ" ያለበት ቀን ነው። በዚያው ሳምንት አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ያጠራቀመውን ሁሉ የአንድ ነዳጅ ኩባንያ አክሲዮን ሊገዛበት ነው።

ያ 10 በመቶ ከየት እንደሚመጣ በኤክሶን ሞቢል እንየው። ለአንድ አክሲዮን በዓመት 3 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይከፍል ነበር። አክሲዮኑ 70 ዶላር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ 5 በመቶ ነው። በመጋቢት 2012 ዋጋው 35 ዶላርና ከዚያም በታች ሲወርድ ያው ክፍያ 10 በመቶ ሆነ። ኩባንያው አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። ዋጋው የወደቀው ገበያው "ይህን ክፍያ አይዘልቁትም" ብሎ ስለፈራ ነው። ፍርሃቱም መሠረት ነበረው፤ ሼል ሚያዝያ 22 ቀን የሩብ ዓመት ክፍፍሉን ከ47 ሳንቲም ወደ 16 ቆረጠው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ኤክሶን በዚያ ዓመት ከ22 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮም እየተበደረ ከፈለ።

የአክስቴ ልጅ የገዛው ኩባንያ ክፍፍሉን ጭራሽ አቆመ። እሱም ከሥራ ተቀነሰ። የቤት ኪራይ ሲጠራቀምበት በጥቅምት 2013 አክሲዮኑን በግማሽ ዋጋ ሸጠው። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ነዳጅ ከ100 ዶላር አለፈ።

ዋጋ ሲወድቅ እኔ የማስበው የአባዬ ቡና ያለበትን ባንኮ ጎቲቲን ነው። በ1994 የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ለቀማው እንዳለቀ አባዬ መጋዙን ይዞ ያረጁትን ግንዶች ጎነደላቸው፤ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ እየቆረጠ። የተጎነደለ ቡና ሁለት ሦስት ዓመት ፍሬ አይሰጥም። ዋጋው በረከሰበት ዓመት የሚቀርብን ገቢ ትንሽ ስለሆነ ለጉንደላ ከዚያ የተሻለ ጊዜ እንደሌለ ያውቃል። ቡቃያው ሲወጣ ጠንካራውን ሁለት ሦስት እያስቀረ ሌላውን በጣቱ ሲነቅል አጠገቡ ነበርኩ።

ይህን ማድረግ የቻለው ከቡናው ጋር እንሰት ስለነበረን ነው። እንሰት ወቅት አይጠብቅም፤ ዓመታት ቆሞ ይቆያል፣ ሲቸግር ይነቀላል። እማዬ በቀርከሃ ፍቃ፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ሸፍና ታብላላው ነበር። እነዚያን ዓመታት በቆጮ ተሻገርናቸው። ጎረቤታችን እንሰቱ ጥቂት ነበር። ከአባዬ የሚያንስ ገበሬ አልነበረም፤ ግን ቡናውን ገና በአበባው ለነጋዴ በርካሽ ሸጠ።

ስለዚህ የሰፈራችንን ልጅ ሁለት ነገር ጠየቅሁት። ኩባንያው የሚከፍልህ ከሸጠው ነዳጅ ነው ወይስ ከብድር? ዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ አለ፣ አብረን እናየዋለን። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን እንኳ ትርፍ ከማከፋፈሉ በፊት መጠባበቂያ ያስቀምጣል። ሁለተኛው፣ ሥራህ ቢቆም ስንት ወር መቆየት ትችላለህ?

"ሁለት ወር" አለኝ።

እንግዲያው አሁን አትግዛ አልኩት። ቅሬታው ፊቱ ላይ ታየኝ። ቅዳሜ ሪፖርቱን ይዞ ሊመጣ ተቀጣጥረናል።