አዘና ላይ ያገኘነው ሩጫ



በዚህ ወር የምናስቃኛችሁ ወደ አዊ ዞን ያደረግነውን ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን የዓባይን በረሃ ተሻግረን፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፈን፣ ብዙዎች ዛሬም ኮሶበር እያሉ የሚጠሯት እንጅባራ ደረስን። ከዚያም ወደ አዘና አቀናን። አገሩ ደጋ ነው። እንጅባራ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። የቀርከሃውና የመስኩ ልምላሜ ዓይን ያሳርፋል። አካባቢው የፈረስ አገርም ነው። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል።

አዘና የሄድነው ለዘመድ ጥየቃ ነበር። አስተናጋጃችን በንግድ የሚተዳደሩ አባት ናቸው። ከመግሪብ ሰላት በኋላ ቡናው ቀርቦ ስንጨዋወት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስቲ ይህን ልጅ ምከሩልኝ" አሉን። "ትምህርቱ ደህና ነው። ችግሩ ሩጫ ነው። ዕቃ አድርስ ብዬ ስልከው ከጓደኞቹ ጋር ሲሮጥ ዐስር ያልፈዋል። ደግሞም ሳያስፈቅደኝ ነው የሚሄደው።"

እኛም እሺ አልን። ሩጫን የምናውቀው ታክሲ እንዳያመልጠን ስንጣደፍ ብቻ ስለነበር ልጁን መምከሩ ቀላል መስሎን ነበር።

በማግስቱ ሱብሒን በጀመዓ ከሰገድን በኋላ ልጁን "የምትሮጥበትን ቦታ አሳየን" አልነው። ሳያቅማማ ወሰደን። ጭጋጉ ገና ከመስኩ አልተነሳም፤ ሣሩም በጤዛ ርሷል። ወጣቶች ተሰብስበው ነበር። ከመስኩ ጫፍ ተነስተው ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ዞረው ሊመለሱ ሲሰለፉ ልጁ ፈገግ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እርስዎም ለምን አይሞክሩም?" አለን። እንቢ ማለት አሳፈረንና ሱሪያችንን ሰብስበን ተሰለፍን። በዕድሜያችን የመጀመሪያው ውድድር ይህ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ኩራት ብጤ ተሰማን። ብዙም ሳንቆይ ግን የደጋው አየር ትንፋሻችንን ቆረጠው፤ ጉልበታችን ከዳን። ቁጭ ልንል ስንል ያ ልጅ ጨርሶ ተመልሶ ከጎናችን መሮጥ ጀመረ። "ቀስ ይበሉ እንጂ አይቁሙ!" እያለ አብሮን መጣ።

መጨረሻ ወጣን። ነገር ግን ልባችን እየደለቀ፣ ላባችን በብርዱ ላይ እየወረደ፣ ምላሳችን ሳናዝዘው "አልሐምዱሊላህ" አለ። ለዓመታት ከወንበር ጋር ያቆራኘነው አካል ምን ያህል ኒዕማ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባን። ሳናስበውም "ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትመጡት?" ብለን ጠየቅን።

ልንከለክል መጥተን እኛው ተማረክን! ታዲያ ለአባትየው ምን እንመልስ? በመንገድ ላይ የሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ታሪክ ትዝ አለን፤ ለልጁም ነገርነው። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት ሰሓቦች ከዚ ቀረድ ዘመቻ ሲመለሱ፣ በሩጫ የሚቀድመው ያልተገኘ አንድ አንሷሪይ እስከ መዲና የሚወዳደረው ሰው ጠየቀ። ሰለማ ፈጣን ሯጭ ቢሆንም ዝም ብሎ አልተነሳም፤ በቅድሚያ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አስፈቀደ። ሲፈቀድለትም ሮጦ ቀደመው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውም ከባለቤታቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ መወዳደራቸው ተዘግቧል። ስለዚህ ጥፋቱ በሩጫው ላይ አልነበረም። ያለ ፈቃድ መሄዱና ሰላትን ማሳለፉ ነበር።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማን። ቁርስ ላይ ግን እኛ ሳንጠይቀው አባቱን፣ "አባ፣ እስከ ዛሬ ደብቄህ ሄጃለሁ፤ አውፍ በለኝ። አሁን ፍቀድልኝ" አለ።

አባት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኛም በ1972 ዓ.ም በሞስኮ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ምሩጽ ይፍጠር ወርቅ ሲያገኝ መሐመድ ከድር ነሐስ ማግኘቱን አነሳን። ፊታቸው ፈታ አለ። "ልጅ ሆኜ በጎረቤት ሬዲዮ ሰምቻለሁ" አሉ። "ያን ቀን እኛም ሰፈሩን በሩጫ ስንዞረው ዋልን።" ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ከሱብሒ በኋላ፣ ሱቅ ሳይከፈት። ዐስር ካለፈህ ግን ፈቃዱም ያልፋል" አሉት።

በቀሩት ሁለት ቀናት እኛም ከልጁ ጋር ሮጥን፤ አሁንም መጨረሻ ነበርን። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላም ሱብሒን ሰግደን መልሰን መተኛቱን ትተናል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ የሚወዱትን ነገር ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ጠዋት አብራችኋቸው ሂዱ። ወጣቶች ሆይ! እናንተም ከመሮጣችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ሰላታችሁንም በወቅቱ ስገዱ። አላህ ጤናችንን ለእርሱ ትዕዛዝ የምናውለው ያድርገን። አሚን!