የትኩሳት መዝገብ

ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ ተከታዩ መፀው ድረስ በወይና ደጋው አገራችን ላይ የወረደው የንዳድ መቅሠፍት፣ «ወባ የቆላ ነው» ብሎ ተማምኖ በኖረውና ደሙም በሽታውን በማያውቀው ሕዝብ ላይ ድንገት ስለ ደረሰበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ስፍራዎች ሳይቀር ገብቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 የሚሆነውን እንደ ፈጀ ይነገራል። ይነገራል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ አኀዝ በግምት የተገኘ እንጂ ሰው በወደቀ ጊዜ በየመንደሩ ተቈጥሮ የተጻፈ አልነበረምና። በባሕረ ሐሳብ የሚመጡትን ዘመናት አጽዋማትና በዓላት አስቀድመው የሚያወጡ ሊቃውንት ባሉበት አገር፣ ባለፈው ሳምንት በቀዬው ስንት ሰው እንዳተኰሰው የሚናገር መዝገብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ፣ ዲዲቲ ረጪዎች ፓምፕ አዝለው በየቤቱ ግድግዳ የዞሩበትን ዘመን ሽማግሌዎች ያስታውሱታልና አላረዝመውም። እኔን የሚመስጠኝ፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው፣ በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሠንጠረዥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕመምተኛውን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ ካኖረች በኋላ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ታግሣ የወጣውን መስመር አይታ በመዝገብ ትጽፋለች፤ ከሰኞ እስከ እሑድ የጻፈችውንም ደምራ፣ ያለፉት 5 ዓመታት በዚያው ሳምንት ካሳዩት ቍጥር ጋር ታስተያያለች። ከአምስቱ ቍጥሮች ከላይ ሁለተኛው እንደ ወሰን ይያዛል፤ ትልቁ የማይያዘው፣ ወረርሽኝ የነበረበት አንድ ክፉ ዓመት ወሰኑን ወደ ላይ ሰቅሎ የዘንድሮውን አደጋ እንዳይሸፍን ነው። የሳምንቱም ስም ከንቱ አይደለም፤ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት ወራት፣ ዝናቡ ቆሞ ያቆረው ውሃ ፀሐይ ሲሞቀው፣ ማንንም የማያስደነግጥ የሕሙማን ቍጥር በየካቲት ከተገኘ ግን ወረዳውን ሁሉ ከእንቅልፉ ሊያስነሣ ይገባዋል። ባዶም ቢሆን ይጻፍ፤ ዜሮ ብሎ የላከ ቀበሌ መርምሮ ያጣ ነው፣ ምንም ያልላከ ቀበሌ ግን ጤነኛ ይሁን ወይም እየሞተ ይሁን አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ 10 ወራት ገደማ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና ከ1,100 የሚበልጥ ሞት ተመዝግቧል። ይህን ከ1950ው ጋር ለሚያስተያይ ሰው፣ የሕሙማኑ ቍጥር የሚያሳዝነውን ያህል የሟቾቹ ማነስ የመድኃኒቱን መድረስ ይመሰክርለታል፤ ምንም እንኳ ከጤና ተቋም ርቆ በቤቱ ያረፈው ሁሉ በዚያ አኀዝ ውስጥ ገብቷል ብዬ ባላምን።

አሁን ደግሞ የወቅቱን ሥርዓት የሚያፋልስ እንግዳ መጥቶብናል። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ከተገኘች ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በበጋ፣ ዝናብ ሳይጠበቅ፣ ወባ ያስነሣችው እርሷ መሆኗ ተደርሶበታል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። በርሜሉን ከፍቶ ጐንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ ተንጠልጥላ የምትንቀሳቀሰውን የሌላ ትንኝ እጭ፣ በውሃው ገጽ ላይ ተጋድማ ከተኛችው ከወባዋ እጭ መለየት ይችላል። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ «በርሜልሽን ድፊ» ብሎ እናቶችን መገሠጽ ከፍርድ የራቀ ይመስለኛል፤ ክዳን ማቅረብና ሲያልቅ ጎኑን ማሸት፣ ይህንም በሳምንት አንድ ጊዜ ማድረግ፣ እጯ ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ይቀድማታል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናጤስበትን ልማድ እወደዋለሁ፤ ጢሱ ግን በርሜል ውስጥ አይገባም።

በዚያችው ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ ተነሥተዋል፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትነድፍ ሌላ ትንኝ ናት። ስለዚህ ከመዝገቡ ውስጥ እጅግ የተናቀው «ወባ የለበትም» የሚለው አምድ ለእኔ ዐቢይ ነው። ያተኰሰው ሰው ሁሉ ተመርምሮ ወባ የሚታጣበት ሳምንት ሲደጋገም፣ አጥንት የሚሰብር ሕመምና ከድድ የሚፈስ ደም ሲሰማ፣ ሕሙማኑን ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን እንዳይወስዱ መንገርና ደማቸውን ወደ ላቦራቶሪ መላክ የሚቻለው፣ ያ አምድ ተሞልቶ ሲገኝ ብቻ ነው። ወዳጆቼ በጤና ኬላ የምታገለግሉ ካላችሁ፣ ይህ አምድ በእናንተ ዘንድ በየሳምንቱ ይደመር እንደ ሆነ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።