ቡና ሲቆላ የምትጮኸው

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በገባሁባቸው የወገን ቤቶች ሁሉ ጣሪያው ላይ ትንሽ ሳህን የምታክል ነጭ ነገር አለች። በወጉ ስትጠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ ናት፤ ሰዉ ግን «አላርሟ» ነው የሚላት። አንዷ ላስቲክ ተጠቅልሎባታል፣ ሌላዋ ባትሪዋ ወጥቶ አፏን ከፍታ ተንጠልጥላለች። ጥፋቷ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ ቡና።

ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይኖራል። እናታችን ከአዲስ አበባ ልትጠይቀው ከሄደች ወዲህ ቡና በተቆላ ቁጥር አላርሟ ትጮሃለች። ወንድሜ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ሚስቱ መስኮት ትከፍታለች፣ ትንሹ ልጅ በፎጣ ያርገበግባል፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። እናታችን የቡና ምጣዷን ይዛ መሀል ቤት ቆማ «ምን አድርጌያት ነው?» ትላለች። በሳምንቱ «ተዉት፣ የተቆላ ግዙልኝ» አለች። ጭሱን ለሰው ሳታዞር የምትጠጣው ቡና ለእሷ ኪኒን እንደመዋጥ ነው። ይህን ያየው ወንድሜ በዚያው ማታ ባትሪውን አወጣው።

እኔም ለጥየቃ እዚያው ነበርኩና «መልሰው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ነገ ሥራ አለብኝ። ስንቴ ዋሸችን!»

«ተኩላ መጣ» እያለ መንደር ያስቸገረውን እረኛ ሁላችንም በልጅነታችን ተምረነዋል። ይቺ ግን እንደሱ አይደለችም። ጭስ አለ አለች፤ ጭስ አለ። የማን ጭስ እንደሆነ መለየት ነው ያልተሰጣት።

አላርም በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛዋ ውስጧ አሜሪሲየም 241 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጣም በጥቂቱ አለባት፤ ቦግ ብሎ የሚነድ እሳት የሚያወጣውን ደቃቅ ብናኝ ቶሎ ትይዛለች። ለዚህም ነው ምጣድ ሲግል የምትቆጣው። ሁለተኛዋ በብርሃን ትሠራለች፤ ጭሱ ገብቶ ብርሃኑን ሲበትነው ትጮሃለች። ሶፋ ወይም ፍራሽ ውስጥ ተዳፍኖ የሚጨስ እሳት ላይ ፈጣን ናት፣ ለኩሽና ግን ትንሽ ትታገሣለች። የወንድሜ ቤቷ የመጀመሪያዋ ዓይነት ሆና ተገኘች፤ ያውም ከምድጃው ሁለት እርምጃ ላይ። ቢያንስ ሦስት ሜትር መራቅ ነበረባት። ጀርባዋን ገልብጠን ብናየው የተሠራችበት ዘመን በፈረንጅ 2009 ይላል፤ ዕድሜዋ ደግሞ 10 ዓመት ነው። አቧራ፣ የመታጠቢያ ቤት እንፋሎት፣ ውስጧ የገባች ትንኝ ሳትቀር ያስጮኋታል። (በየደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ ጭው የምትል ከሆነ ግን ባትሪዋ አልቋል፣ ወይም ዘመኗ አብቅቷል።) ለሕንፃው አስተዳደር ተነገረ፤ በብርሃን የምትሠራና ለጥቂት ደቂቃ ዝም የምታሰኝ ቁልፍ ያላት አምጥተው ኮሪደሩ ላይ ሰቀሉ። ቡናው መስኮት ሥር፣ የምድጃው ጭስ መሳቢያ ተከፍቶ ይቆላል።

በከሰሉ ነገር ግን ከእናቴም ጋር አልተደራደርኩም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ መልክ የለው፤ የጭስ አላርም አታውቀውም። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎችን ሰምተናል። ለእሱ የሚጮህ ሌላ መሣሪያ አለ፤ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ አስገባን፣ ከሰሉንም ከቤት አስወጣን። ለእጣኑ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማጨሻ ተገዛላት። «ይቺማ ትሞቃለች እንጂ የት ታጨሳለች» ብላ እስካሁን አላመነቻትም።