ሁለተኛውን ሌንስ ማን ይገዛዋል?

ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምክር አያጣም። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ምክርም አንድ ነው፦ «በኪስ ካሜራ ገንዘብህን አታባክን፤ ሌንሱ የሚቀየረውን ግዛ።» ወዳጅም፣ ባለ ሱቁም፣ ዩቲዩብ ላይ የሚያስረዳውም ሰው የሚያቀርቡት ምክንያት ተመሳሳይ ነው። የሚረርለሱ ሴንሰር ትልቅ ነው፤ ትልቅ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ብዙ ብርሃን ደግሞ ጥሩ ፎቶ ይሰጣል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ግን ገዢው ከሱቅ ይዞ የሚወጣው ሴንሰር ብቻ አይደለም። ከሴንሰሩ ፊት የተገጠመ ሌንስ አለ። ስለዚያ ሌንስ የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ ለሚገዛ ሰው ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። የወር ደመወዝ ለሌለው፣ በሠራው ልክ ለሚከፈለው ወጣት ጋዜጠኛ ወይም ፎቶ አንሺ ግን ቀላል አይደለም። ካሜራው የዓመታት ቁጠባው ነው። ከተሳሳተ መልሶ የሚሸጠው በኪሳራ ነው፤ ሌላ እስኪያጠራቅም ድረስም ሥራው ይቆማል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት እ.ኤ.አ. 2014 ጥሩ ዓመት ነው። ሶኒ በዚያ ዓመት በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ካሜራዎችን ገበያ ላይ አዋለ። አንዱ አልፋ 6000 የሚባለው ጀማሪ ሚረርለስ ነው። ሌላው አር ኤክስ 100 ማርክ 3 የሚባለው የኪስ ካሜራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመነሻ ዋጋቸው እኩል ነበር፤ ሚረርለሱ አብሮት ከሚመጣው ሌንስ ጋር 800 ዶላር ገደማ፣ የኪሱም 800 ዶላር ገደማ። አምራቹ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ዋጋው አንድ። ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ አይገኝም።

የአልፋ 6000 ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። የኪሱ ካሜራ ሴንሰር ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት ሲሰላ የሚረርለሱ ከሦስት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ምክር ሰጪዎቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ሴንሰሩ ቤት ከሆነ ሌንሱ መስኮት ነው። የመስኮቱ ስፋት በኤፍ ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር መስኮቱ ይሰፋል። የኪሱ ካሜራ ሌንስ በሰፊው እይታ ኤፍ 1.8፣ አቅርቦ ሲያነሳ ኤፍ 2.8 ነው። ከአልፋ 6000 ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ሌንስ ግን በሰፊው እይታ ኤፍ 3.5፣ አቅርቦ ሲያነሳ ኤፍ 5.6 ነው። ሁለቱ ሌንሶች የሚያሳዩት የእይታ ስፋት ተቀራራቢ ነው። ሲሰላ የኪሱ ሌንስ በእኩል ቦታ ላይ የሚያሳርፈው ብርሃን የሌላኛውን አራት እጥፍ ይጠጋል።

እንግዲህ አንዱ በሴንሰሩ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ሌላው በሌንሱ አራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ድምሩ ሲወጣ ኪስ ውስጥ የሚገባው ካሜራ በጠቅላላው የሚሰበስበው ብርሃን አያንስም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀድማል። አንዱ ጠባብ መስኮት ያለው ትልቅ ቤት ነው፤ ሌላው ሰፊ መስኮት ያለው ትንሽ ቤት።

ወደ ሥራ ቦታ ሲመጣ ይህ ምን ማለት ነው? በገና ሌሊት ላሊበላን አስቡት። ከአለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት እናት ጧፍ ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን የጧፉ ብቻ ነው። በኪሱ ካሜራ የብርሃን ስሜቱን 1600 ላይ አድርጎ የሚነሳ ፎቶ፣ በሚረርለሱ ከነመጣው ሌንስ ጋር በዚያው የሹተር ፍጥነት ለማንሳት 6400 ገደማ ይጠይቃል። እዚያ ሲደርስ ፎቶው አሸዋ እንደተነሰነሰበት ይሆናል። ትልቁ ሴንሰር የሰጠውን ብልጫ ጠባቡ ሌንስ መልሶ ወሰደው።

በዚያ ላይ ድምፅ አለ። የአልፋ 6000 ሹተር ጮክ ብሎ ይሰማል፤ ያለ ድምፅ የሚያነሳበት አማራጭም የለውም። የኪሱ ካሜራ ሹተር ሌንሱ ውስጥ ያለ ስለሆነ የማስጠንቀቂያ ድምፆቹ ከተዘጉ አጠገብ የቆመ ሰው እንኳ ላይሰማው ይችላል። ቅዳሴ ላይ ወይም ለቅሶ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

ታዲያ ሚረርለስ አይረባም ማለት ነው? አይደለም። ብልጫው ያለው ግን ሰዎች በሚጠቁሙት ቦታ አይደለም።

አንደኛው ብልጫው ፍጥነት ነው። አልፋ 6000 ኢላማውን የሚከታተልባቸው 179 ነጥቦች አሉት፤ በሰከንድም እስከ 11 ፎቶ ያነሳል። ኳስ ይዞ የሚሮጥን ተጫዋች ወይም ጉግስ ላይ የሚጋልብን ፈረሰኛ ለመያዝ የኪሱ ካሜራ አብሮት አይሄድም። ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ሚረርለሱ አናቱ ላይ የውጭ ፍላሽ መግጠሚያ አለው፤ አር ኤክስ 100 ማርክ 3 የለውም። አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ ብቻውን ውሳኔ ያስለውጣል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ሌንሱ መውለቁ ነው። ሶኒ ለዚሁ ካሜራ የሚሆን ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ አለው፤ አዲስ ሲወጣ 300 ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ሌንስ ሲገጠም ስሌቱ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። የኪሱ ካሜራ አቅርቦ በሚያነሳበት እይታ ከሚሰበስበው ብርሃን ከሰባት እጥፍ በላይ ይሰበስባል። የሰው ፊት ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ነገር የሚደበዝዝበት፣ ደንበኛ «እንደ ስቱዲዮ ይሁንልኝ» የሚለው ዓይነት ፎቶ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ስለዚህ የሁለቱ ካሜራዎች እውነተኛ ልዩነት እንዲህ ነው። የኪሱ ካሜራ ያለቀ ዕቃ ነው፤ ካርቶኑ ሲከፈት ያለው አቅም የመጨረሻው ነው። ሚረርለስ የጅምር ቤት ነው፤ ዋጋው መሠረቱን ብቻ ያሳያል። ከነመጣው ሌንስ ጋር ዕድሜውን የሚጨርስ ሚረርለስ ጣሪያ ሳይመታ የቀረ ቤት ነው።

ብዙ ሰው «ሌላውን ሌንስ ቀስ ብዬ እገዛለሁ» ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ቀስ ብሎ መግዛት ራሱ ዋጋ አለው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብ፣ 300 ዶላር የሚያወጣ ሌንስ ከ17 ሺህ ብር ወደ 30 ሺህ ብር ተሻገረ ማለት ነው። ገቢው በብር የሆነ ሰው በየወሩ እያጠራቀመ ሲጠጋ ሌንሱ በየወሩ ይሸሸዋል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ እስኪገኝ መጠበቅም አለ። ካሜራውን አሁን፣ ሌንሱን ለከርሞ ብሎ የጀመረ ሰው ከርሞ ሲመጣ እዚያው ሊገኝ ይችላል።

መንገድ ላይ መሥራትም ሌላ ጉዳይ ነው። ትልቅ ካሜራ ከፍ ሲል ጥበቃው ይመጣል፤ «ፈቃድ አለህ?» ይላል። ገበያ ውስጥ ያለችው ሻጭ ፊቷን ትሸፍናለች፤ ልጆች ተሰልፈው ይቆማሉ። ትንሽ ካሜራ ይህን ሁሉ ባያስቀርም ይቀንሰዋል። የማግነም አባል የሆነው ጣሊያናዊው አሌክስ ማዮሊ እ.ኤ.አ. 2003 አካባቢ ኮንጎንና ኢራቅን በትንንሽ የኦሊምፐስ ዲጂታል ካሜራዎች አንስቷል። ያኔ የነበሩት የኪስ ካሜራዎች ከአር ኤክስ 100 ጋር ሲተያዩ ደካማ ነበሩ። እርግጥ የካሜራ ትንሽነት ሰውን ሳያስፈቅዱ ለማንሳት ምክንያት አይሆንም። ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ግን ሰውየው ቶሎ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ካሜራውን ረስቶ ሥራውን ይቀጥላል።

በሌላ በኩል የደንበኛ ዓይን አለ። ሠርግ ላይ የኪስ ካሜራ ይዞ የመጣን ፎቶ አንሺ ሽማግሌዎቹ «ዋናው ካሜራማን መቼ ነው የሚደርሰው?» ቢሉት አይፈረድባቸውም። ከፍለዋልና የከፈሉበትን ማየት ይፈልጋሉ። ይህ ፍትሐዊ ይሁን አይሁን እንጀራ የሚወስን ነገር ስለሆነ ከስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

አቧራም መግባት አለበት። የኪስ ካሜራ ሌንስ በተከፈተ ቁጥር ይወጣል፣ በተዘጋ ቁጥር ይገባል፤ አቧራና አሸዋ ይዞ ሲገባ ደግሞ ውስጡን ማጽዳት ካሜራውን መፍታት ይጠይቃል። ሌንሱ ከተነከሰ ካሜራው ራሱ ሞተ ማለት ነው። ሚረርለስ ሌንስ ሲቀየር አቧራ ሴንሰሩ ላይ ይቀመጣል፤ ግን ይጸዳል። ሌንሱ ቢሰበርም ገላው ይተርፋል። ሳምንቱን ሙሉ ገጠር ለሚዞር ሰው ይህ ትልቅ ነጥብ ነው።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚልም አለ። ዓለም በአብዛኛው እንዲሁ ብሎ ወስኗል፤ የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. 2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ አቅርበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. 2023 ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ከሁሉ በላይ የተጎዳው የኪስ ካሜራው ነው። ስልክ ግን ለመልሱ ይጠቅማል። የሚገዛው ሰው ስልኩን ከፍቶ ባለፈው አንድ ዓመት ያነሳቸውንና ያልተሳኩለትን ፎቶዎች ይያቸው። ያልተሳኩት ሰውየው ሩቅ ስለነበር፣ ስለሮጠ ወይም አዳራሹ ፍላሽ ስለሚፈልግ ከሆነ መልሱ ሚረርለስ ነው። ቤቱ ጨለማ ስለነበርና ሰውየው አጠገቡ ስለተቀመጠ ከሆነ፣ ወይም ትልቅ ካሜራ ቢኖረው እንኳ ያን ቀን ይዞት እንደማይወጣ ካወቀ፣ ጥሩ ሌንስ ያለው ያገለገለ የኪስ ካሜራ አያሳፍረውም።

ሚረርለስ ከመረጠ ደግሞ ወደ ሱቅ ሲገባ የካሜራውን ዋጋ ብቻ አይጠይቅ። የካሜራውንና የሁለተኛውን ሌንስ ድምር ይጠይቅ። ኪሱ የሚችለው ያንን ድምር ከሆነ ይግዛ። ካልሆነ ደግሞ ባለ ሱቁ ስለ ሴንሰር ማውራት ሲጀምር ካርቶኑን ገልብጦ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የኤፍ ቁጥር ያንብብ።