ልቃቂት የምትሰርቀው ውሮ

ቡናው ገና መጣዱ ነው። አቦሉ እስኪወርድ ስለ ድመታችን ላጫውታችሁ።

የደብረ ታቦርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከተማችን 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ብርዱን ይልክብናል። ሐምሌ ላይ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ ሰውም ድመትም ምድጃ ዳር ይሰበሰባል። እምዬ (አያቴን የምንጠራት እንዲህ ነው) ባዘቶዋን ይዛ ትፈትላለች፤ ውሮ ከፊቷ ቁጢጥ ብላ እንዝርቱን ታያለች።

ይህችን ሰዓት ልብ ብላችሁ እዩልኝ። እንዝርቱ ሲሾር ከሰውነቷ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የዓይኗ ብሌን ብቻ ይሰፋል። ቆይታ ጆሮዎቿን ወደ ፊት ታቀናለች፣ ደረቷን መሬት ታስነካለች፣ የኋላ እግሮቿን ተራ በተራ ትረግጣለች፣ ዳሌዋን ወዝወዝ ታደርጋለች። እምዬ ልቃቂቱን ጎኗ ስታስቀምጠው እመር ትልና በአፏ ይዛው አልጋ ሥር ትገባለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ክር ነው።

አንድ ቀን ልቃቂቱን እያየችን ሰፌድ ደፋንበት። ሰፌዱን ዞረችው። አሸተተችው። ከዚያ ጠርዙን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወደ ውስጥ አየች። ከዓይን የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ ታውቃለች ማለት ነው። የሰው ልጅ ሕፃን እንኳ ይህን የሚያውቀው ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ድመት የምትያዘው ለጎተራ ነው። ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ጤፉን፣ የፎገራውንም ሩዝ ከአይጥ እንድትጠብቅ። ውሉ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ ምንጫቸው የመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት መሆኑን አሳይቷል፤ ገበሬው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጥን ተከትላ እሷ መጣች። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ደግሞ 9,500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር ተገኝቷል፤ ሰው ከነድመቱ ነው የተቀበረው። ለአይጥ ብቻ ብትሆን ኖሮ አብራው ትቀበር ነበር?

ጨዋታዋን ሥራ ፈትነት የሚያደርጉት ሰዎች ያሳዝኑኛል። እንግሊዝ አገር የተደረገ አንድ ጥናት የራባት ድመት ከጠገበችው ይልቅ በአሻንጉሊት አጥብቃ እንደምትጫወት አግኝቷል። ልጅ ሲርበው ጨዋታ ያስጠላዋል፤ ድመት ሲርባት ጨዋታው ይብስባታል። ለእሷ ጨዋታና አደን አንድ ገመድ ናቸው፤ ልቃቂቱ ላይ ያየሁት አደባብ ጎተራው ሥር ከማየው በምንም አይለይም።

የሚገርመኝ ግን ልጅነቷ አለማለቁ ነው። ሰባት ዓመት ሞልቷታል፣ ስንት ጊዜ ወልዳለች። ሆኖም ማታ ማታ እምዬ ጋቢ ላይ ወጥታ በሁለት እጆቿ እንደ ሊጥ ታሸዋለች። ግልገል ሳለች የእናቷን ጡት እንዲህ እያሸች ነበር ወተት የምታወርደው። «ሚያው» ማለቷም እንደዚያው ነው፤ ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው «ሚያው» መባባሉን ከሞላ ጎደል ይተዉታል፣ ለእኛ ግን ያቆዩታል። ጉሮሮዋ ውስጥ የምታንጎራጉረውን እምዬ «ዳዊቷን እየደገመች ነው» ትለዋለች። የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ምግብ ፈልጋ ስታንጎራጉር ድምፁ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ የሚመስል ነገር ትጨምርበታለች። እምዬ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ወተት የምትሰጣት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን፣ ለወቀሳ። እኔ ግን ያ አመል ልጅነት ከሆነ ባትረሳው ደስ ይለኛል።

ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከታቦር ተራራ ነው፤ የተራራው በዓል ቡሄ ነሐሴ 13 ሲደርስ ልጆች ጅራፋቸውን ሲያጮሁ ሰፈሩ ይናወጣል። የመጀመሪያው ጅራፍ እንደጮኸ ውሮ ወደ ጓዳ አትሮጥም፣ ወደ አልጋ ሥርም አትገባም። ቀጥ ብላ እምዬ ጉያ ነው። ጥቂት ተረጋግታ አንገቷን ታወጣለች፣ ደጁን ታያለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። አሜሪካ ውስጥ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ አጥንተው ከሦስት ግልገሎች ሁለቱ ገደማ ልክ ሕፃን በእናቱ እንደሚተማመን በአሳዳጊያቸው እንደሚተማመኑ ጽፈዋል።

በውጭ አገር በጨዋታዋና በብልጠቷ የታወቀች «አቢሲኒያን» የምትባል የድመት ዝርያ አለች። የዘረመል ካርታዋ መጀመሪያ የተነበበላት ድመት፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከዚሁ ዝርያ ናት፤ ስሟ ሲናመን፣ ማለትም ቀረፋ። ዘሯ ግን ከእኛ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። ከመቅደላ ጦርነት 30 ዓመት ገደማ በፊት የተገዛች ሆላንድ ያለች፣ ቆዳዋ ተሞልቶ የተቀመጠች ድመት ላይ የተጻፈው «ሕንድ» ነው፤ የዘረመል ጥናትም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይጠቁማል።

ስሙ የመጣበት ታሪክ ግን የእኛን ደጅ ይነካል። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሄዱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። የዘመተባቸው የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ፣ እንደሚነገረው፣ የአንድ መኮንን ቤተሰብ ከዚህ አገር አንዲት ድመት ይዞ ሄደ። ስሟን ዙላ አሏት፣ ጦሩ በወረደበት ወደብ ስም። ሥዕሏ እንግሊዝ ውስጥ በታተመ የድመት መጽሐፍ ላይ ወጥቷል፤ ከዛሬዎቹ አቢሲኒያኖች ጋር አትመሳሰልም።

ከመቅደላ ስለተወሰደው ዘውድና ስለ ብራናዎቹ ብዙ ተብሏል፤ ይባልም ዘንድ ይገባል። እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ዙላ አስባለሁ። በማን ምድጃ ዳር አደገች? የማንን ልቃቂት ይዛ አልጋ ሥር ገባች? ወደ እንግሊዝ በወሰዳት መርከብ ላይ ባልሰማችው ስም ሲጠሯት ጆሮዋን የምታቆመው ለየትኛው ድምፅ ነበር? እኔ «ውሮ» ለሚለው ነው እላለሁ።