ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ

የምርቃት ሰሞን ስለሆነ አንድ ነገር ልናገር። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ክረምት ሲመጣ ጠመኔውን አስቀምጬ ካሜራ አነሳለሁ። የመምህር ደሞዝ እስከ ስንት ቀን እንደሚያደርስ ለእናንተ አልነግርም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቅ ከጓደኛዬ ጋር በጠዋት እንወጣለን። እኔ አነሳለሁ፣ እሱ ጃንጥላ ሥር ሆኖ በትንሿ ፕሪንተር ያጥባል። ሰው እስኪጠራን አንጠብቅም፤ ሳንጠይቅ አንስተን፣ አጥበን፣ ይዘንላቸው እንሄዳለን። ልጁን በጋዋን ያየ ወላጅ ፎቶውን መመለስ ይከብደዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያልተሸጠ ቡና ለሚቀጥለው ገበያ ይቆያል። ያልተሸጠ ፎቶን ግን እላዩ ላይ ካለው ሰው በቀር ማንም አይገዛውም። ወረቀቱም ቀለሙም ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሻጩ ሙጭጭ ይላል። እኔም እል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከበበቃ በኩል የመጡ አንድ አባት አገኘሁ። ልጃቸው ከነጓደኞቹ አጠገባቸው ቆሟል። ሦስት ፎቶ ዘረጋሁላቸው።

"ስንት ነው?"

"ሦስቱ 300 ብር፣ አባባ።"

ዝም አሉ። ልጁ ፊቱን አዙሮ "ይቅር፣ በስልክ ተነስተናል" አለ። አባትየው ልጃቸውን አዩ፣ ጓደኞቹን አዩ፣ ከዚያ በፌስታል የተጠቀለለ ብር አውጥተው ቆጠሩልኝ። "እንኳን ደስ አለዎት" ብዬ ወደ ሚቀጥለው ሄድኩ።

አመሻሽ ላይ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ልጁ ለመኪና የጎደላቸውን ከጓደኛው እየተበደረ ነበር። ሲያየኝ "ቲቸር" አለና አንገቱን ደፋ። ለካ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ! በጋዋን አላወቅኩትም። ብሩን ልመልስ ስል አባትየው እምቢ አሉ። "ፎቶውን ወስጃለሁ እኮ፣ ምን በደልከኝ?"

እኔ ግን አውቀዋለሁ። የገዙኝ በይሉኝታ ነው። በዚያን ቀን፣ ልጁ ፊት፣ "የለኝም" የሚል አባት የት አለ? ደግሞ ምርቃቱ ብዙ ጊዜ የሚውለው ሰኔና ሐምሌ ነው። በእኛ አገር የቡና ብር ኪስ የሚገባው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ክረምት ላይ ገበሬ ምን አለው?

ከዚያ ወዲህ ካሜራውን ከማንሳቴ በፊት ዋጋውን እናገራለሁ። ካልታዘዝኩ አላጥብም። ብር ያልያዘ ካለ ስልኩን እቀበልና ፎቶውን በቴሌግራም እልክለታለሁ፤ ቡና ሲሸጥ መጥቶ ያሳጥባል። ገቢዬ ቀንሷል፣ አልዋሽም። ግን ኅዳር ላይ ስልክ እያሳዩ "ይቺን በትልቁ እጠብልን" የሚሉኝ አባቶች አሉ፤ እነሱ ሲከፍሉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆቼ፣ አባታችሁ እጃቸውን ኪሳቸው ከመክተታቸው በፊት ዋጋውን እናንተ ጠይቁ። ከበዛ እናንተው "ይበቃናል" በሉ። ማፈር ካለበት የሚያፍረው ሻጩ ነው።

የመናኸሪያው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፣ ያልታጠበ አንድ ፎቶ እኔ ጋ አለ። ቆብህን አባትህ ራስ ላይ ያደረግክበት ነው። መጥተህ ውሰድ፣ ክፍያ የለውም። ለእሳቸውም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

መልካም ምርቃት!